ምሰሶው ሲነሣ ያልወደቀው

ፕሮፌሰር አንሴልሞ ቤርቶሊኒ በቦነስ አይረስ፣ በሚያስተምሩበት ክፍል ከሰሌዳው ሥር ተዘርረው ተገኙ። ጭንቅላታቸው ከመድቀቁ የተነሣ ምቱ ከፊት ይሁን ከኋላ ሐኪሙ እንኳ መለየት አቃተው፤ ደሙ ጣሪያው ድረስ ተረጭቷል። መጀመሪያ ያገኘቻቸው ተማሪያቸው ኔሊዳ ናት። አቅፋቸው ስትጮህ ልብሷና እጇ በደም ራሱና ፖሊሶቹ እጇን በካቴና አሰሩት። ቤት ገና ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ አላት። እናቱ ወህኒ ብትወርድ ማን ያባብለዋል? ይህን ማን አሰበ!

የፖሊስ መርማሪዋ ኮሚሳር ኤውላሊያ አሰበች። ጠዋት ኔሊዳን፣ የትምህርት ክፍሉን ጸሐፊ ግራሲየላንና የሟቹን የረጅም ዘመን ባልደረባ ዶክተር ኦስቫልዶ ሪኪን ለየብቻ ጠርታ እንዲህ አለቻቸው፦ «የማቴ ሻይ ማንቆርቆሪያው ከጀርባቸው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ገዳዩ እሱን አንሥቶ ከኋላ መታቸው።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች።

«ተሳስቻለሁ፤ ማንቆርቆሪያው ንጹሕ ነው። እንግዲህ ምን ተፈጠረ ትላላችሁ?»

«ውይ! ታዲያ ከኋላ መመታታቸውስ በምን ይታወቃል?» አለች ግራሲየላ።

«እኔ እንጃ» አለች ኔሊዳ እያለቀሰች። «ፊት ለፊት ተጣልተውም ይሆናል። አሁን የማውቀው መሞታቸውን ብቻ ነው።»

ዶክተር ሪኪ ከዘራቸውን ተደግፈው ትከሻቸውን ሰበቁ። «ምን ይለወጣል? ከኋላ መጥቶ በሌላ ነገር መታው።»

«እዚህ የምታስተምሩት ምንድን ነው ዶክተር?»

«ሰው ያመነውን ሲተው እንዴት መተው እንዳለበት። ደግሞ ፖሊስ ሎጂክ መማር ጀመረ?»

«እስቲ ልሞክረው። አንድ እምነት ሲወድቅ በእሱ ላይ ብቻ የቆመው አብሮት ይወድቃል፤ ሌላ ምሰሶ ያለው ይተርፋል። አይደለም?»

«ነው።»

«‹ከኋላ› ያልኳችሁ በማንቆርቆሪያው ምክንያት ብቻ ነበር። እሱን ሳነሣው የሁለቱ እምነት ወደቀ። የእርስዎ ግን ቆመ። ምን ደግፎት ነው?»

የሪኪ ፊት ዐመድ መሰለ። ድንገት ከዘራውን አንሥቶ ኔሊዳ ላይ ተወረወረ።

«አንሴልሞን አንቺ ነሽ ያሳመንሽው! ሕጋችንን ነገ በሰው ፊት ሊክደው ነበር!»

ከዘራው ሳያርፍባት አንድ ፖሊስ እጁን ጠምዝዞ መሬት ላይ ደፋው፤ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። በከዘራው የብር እጀታ ቅርጻ ቅርጽ ውስጥ የደረቀ ደምና ሽበት ተጣብቆ ነበር።

«የትኛውን ሕግ?» አለች ኤውላሊያ።

«የመመለስን ሕግ» አለ ሪኪ ወለሉ ላይ እያቃሰተ። «የተውከውን መልሰህ ስታምን አብሮት የሄደው ሁሉ ይመለሳል። ዕድሜዬን የጨረስኩበት ነው!»

«በል እንግዲህ» አለች ሰሌዳው ላይ ወደ ደረቀው ደም እያመለከተች፤ «አንሴልሞን መልስልኝ።»

ከዚያ ወደ ኔሊዳ ዞረች።

ካቴናውን ራሷ ፈታችላት። «ሂጂ ልጄ፤ ልጅሽ ይጠብቅሻል።»

ኔሊዳ ግን መጀመሪያ ወደ ቧንቧው ሄደች። በዚያ እጅ ሕፃን አይታቀፍም።