ቀትር ላይ የሚሮጡ ዶሮዎች

«ኮማንደርን ያዢው! ያዢው አልኩሽ!» ቢታንያ ጮኸች።

ሱሀይራ ነጠላ ጫማዋን ጥላ ሮጠች፤ ግን አልደረሰችበትም። ኮማንደር ብለው የሰየሙት ቀዩ አውራ ዶሮ ጀሪካኑን ዘለለ፣ የተሰጣውን ሽርጥ በክንፉ አወረደ፣ አጎቷ ያቆመው ባጃጅ ጣሪያ ላይ ወጣና አንገቱን አስግጎ ጮኸ። ዶሮዎቹም ተከትለውት ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ዞሩት።

ሰዓቱ ቀትር ነበር። በድሬዳዋ ቀትር ላይ ደግሞ ማንም አይሮጥም። ሱቆች ይዘጋሉ፣ ፍየሎች የግንብ ጥላ ይሻማሉ፣ ሰው ምሳውን በልቶ ፋኑን ከፍቶ ጋደም ይላል። ዶሮ ሲሆን የባሰ ነው፤ አፏን ከፍታ፣ ክንፏን ከጎኗ አራርቃ፣ ጥላ ሥር እያለከለከች ፀሐይ እስክትበርድ ትጠብቃለች። የሱሀይራ ዶሮዎች ግን ግቢውን የኳስ ሜዳ አድርገውታል።

«ቲቸር፣ አዩልኝ? አዩልኝ አይደል?» ቢታንያ እየዘለለች ነበር የምትናገረው። ቢታንያ የሱሀይራ ጎረቤትና የክፍል ጓደኛ ናት፤ ዶሮዎቹን አብረው ነው የሚያሳድጉት። ስትደሰት ድምፅዋ ከኮማንደር አይተናነስም።

ቲቸር አየነው የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርና የተፈጥሮ ክበቡ ኃላፊ ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ከረፋድ ጀምሮ የስንቱን ተማሪ ግቢ አዳረስኩ፤ ሁሉም ጋ ዶሮው ተዘርሮ ነው ያገኘሁት። እናንተ ምን ብታበሏቸው ነው?»

«ሽፈራው!» አለች ቢታንያ፣ ሱሀይራ አፏን ሳትከፍት። «የሽፈራው ቅጠል ከትፈን ከእህሉ ጋር እንሰጣቸዋለን። ውሃቸው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት አለ። ለቅማል የኒም ቅጠል እንጎዘጉዝላቸዋለን፤ ያ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ደግሞ አመድ ነው፣ ይንከባለሉበታል። ከክትባታቸው በስተቀር መድኃኒት የሚባል ነገር አልነካቸውም፣ ቲቸር!»

«ሽፈራው እንዲህ ያደርጋል? ጉድ እኮ ነው! ዛሬውኑ ለክበቡ ልጆች እነግራቸዋለሁ።» ለመሄድ ዞር ካሉ በኋላ መለስ አሉ። «ቅዳሜ ዳኞቹን የማመጣው ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ይሄን ሩጫ ማየት አለባቸው።»

ቅዳሜ! የሱሀይራ ልብ ዘለለ። የከተማው ትምህርት ቤቶች በተፈጥሮ እንክብካቤ በሚደረግ የጓሮ እርባታ ይወዳደራሉ፤ ያሸነፈው ከነዶሮዎቹ ከዚራ ሰፈር በሚከፈተው ኤግዚቢሽን ላይ ይቀርባል። ይህን ከምንም ነገር በላይ ትፈልገው ነበር። ክፍል ውስጥ «እማማ ዶሮ» ነው የሚሏት። በአጠገባቸው ስታልፍ አፍንጫቸውን የሚይዙም አሉ። ኤግዚቢሽኑ ላይ ግን እነዚያው ልጆች ተሰልፈው ሲያልፉ፣ እሷ ኮማንደርን ታቅፋ ለጎብኚ ስታስረዳ ይታያታል። በታያት ቁጥር ብቻዋን ፈገግ ትላለች።

መምህሩ እንደወጡ ሁለቱ ተቃቅፈው ጨፈሩ። ጭፈራው ሳያልቅ ግን የሱሀይራ ዓይን የመታቀፊያው ሳጥን ላይ ዐረፈና እግሯ ቆመ።

ሳጥኑ ውስጥ እንቁላሎቹ ብቻቸውን ነበሩ። ገብስማ፣ ግራጫ ነጠብጣብ ላባ ያላት ዶሮ፣ እንቁላሎቿን ከታቀፈች ሰንብታለች። እስከዛሬ ለምግብና ለውሃ ካልሆነ አትነሳም፤ እጁን የሰነዘረባትን ሁሉ ትነክሳለች። አሁን ግን ከሌሎቹ ጋር እየተሯሯጠች ነው።

«ገብስማ! ምን ነካሽ?» ሱሀይራ አባርራ ያዘቻትና ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠቻት። ገብስማ ዘላ ወጣች። ደግማ አስቀመጠቻት፤ አሁንም ወጣች።

በዚህ መሃል ናሲር የጫት ፌስታሉን አንጠልጥሎ ገባ። ናሲር የእናቷ ወንድም ነው፤ በሶማሊኛ «አብቲ» ትለዋለች። እስከ ቀትር ባጃጅ ይነዳል፣ ከሰዓቱን ደግሞ ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ይቅማል። በዶሮዎቹ ሳህን አጠገብ ሲያልፍ ጎንበስ አለና ቀላ ያለ ቀንበጥ መዘዘ።

«ሱሀይራ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ሽፈራው።»

«ይሄኛውስ?»

የሱሀይራ ድምፅ ቀነሰ። «እ... ገራባ ነው፣ አብቲ።»

ገራባ ቃሚዎች ለስላሳውን መርጠው ሲጨርሱ የሚጥሉት የጫት ትራፊ ነው፤ በድሬ መንገድ ላይ ፍየሎች የሚጋፉበት። ሰሞኑን የጎረቤቱ ሽፈራው ቅጠሉ ተመልምሎ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ሱሀይራም ምንጣፉን ስትጠርግ ትራፊው አሳሳት። ለምለም ነው፣ ፍየሎቹም ይወዱታል፤ ቅጠል መቼም ቅጠል ነው ብላ በረጠበ ጆንያ ጠቅልላ አሳደረችው፣ ጠዋት ከቀረው ሽፈራው ጋር ከተፈችው። ለቢታንያ እንኳን አልነገረቻትም፤ የሚነገር ነገር መስሎ አልታያትም ነበር።

ናሲር ቀንበጡን አየ፣ ቀና ብሎ ባጃጁ ላይ የቆመውን ኮማንደር አየ፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ በሳቅ ፈነዳ። «ወላሂ መርቅነዋል! ካልቱን፣ ነይ እዪ! የልጅሽ ዶሮዎች መርቅነዋል!»

እናቷ ካልቱን ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ለቀትር እረፍት ቤት ገብታ ነበር። ሻሿን እያስተካከለች ወጣች። «አንቺ ልጅ! እኔ ይሄን ሰውዬ ማስተው አቅቶኛል፣ ጭራሽ ዶሮዎቹን ጨመርሽልኝ?»

ቢታንያ ሳቀች፣ ናሲር ዕንባውን ጠረገ። ሱሀይራ ግን ሳጥኑ ጋ ተንበርክካለች። ፈርታለች፤ በጣም ፈርታለች። አንዱን እንቁላል አንስታ ጉንጯ ላይ አስጠጋችው። ሌላውን አነሳች።

«ሙቀት አላቸው! ሆዮ፣ ሙቀት አላቸው!» ብላ ለእናቷ ጮኸች።

ሌላ አገር ቢሆን ይሄኔ ቀዝቅዘው ነበር። የድሬ ሙቀት ግን፣ ያ ሰው ሁሉ የሚያማርረው ሙቀት፣ እናታቸውን ተክቶ ታቅፏቸዋል። ሱሀይራ ሳህኑን ለቤቱ ፍየል ደፋችላት፤ የዶሮዎቹን ውሃ ቀየረች፣ ሳጥኑ ላይ ጥላ እንዲሆን ጆንያ አርጥባ ሰቀለች፣ ሥሩም አዲስ የኒም ቅጠል ጎዘጎዘች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገብስማ ምርቃናው ለቀቃትና እንደ እንግዳ ዙሪያውን ስታይ ቆይታ ሳጥኑ ውስጥ ገባች። እንቁላሎቹን በአፏ አገላብጣ ተቀመጠችባቸው። ሱሀይራ ጆንያውን ልታስተካክል ስትጠጋም ጣቷን ነከሰቻት። ሱሀይራ ተነክሳ እንዲህ ተደስታ አታውቅም።

በማግስቱ ትምህርት ቤት በር ላይ ዐብዲሻኩር ጠበቃቸው። የክበቡ አባል ነው፤ ፀጉሩ ላይ የሽፈራው ቅጠል ተሰክቶ ቀርቷል።

«አቦ ሱሀይራ፣ ሚስጥሩን ንገሪኝ! ትላንት ማታ ሽፈራው ሰጠኋቸው፣ ዛሬ ጠዋት ሰጠኋቸው፣ ወይ ፍንክች! የአያቴን ዛፍ መላጣ አስቀረሁት። አያቴ ከዘራ ይዘው እየፈለጉኝ ነው።»

ቢታንያ ሱሀይራን ቀደመቻት። «በደንብ ጨምርላቸው። አብሽር፣ ይለምዱታል።»

ዐብዲሻኩር አምኖ ሄደ። ማመኑ ነው ሱሀይራን የከነከናት።

«ለምን ዋሸሽው?» አለች፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ።

«ምን ልበለው? ዶሮዎቻችን ይቅማሉ ልበለው?» ቢታንያ ሳቀችና ክንዷን ያዘቻት። «ስሚኝ፣ ሱሂ። ቅዳሜ ጠዋት ትንሽ፣ እፍኝ ብቻ። ገብስማን ለብቻዋ እናስቀምጣታለን። ዳኞቹ ሩጫውን ያያሉ፣ ከዚያ በቃ።»

«ገራባ የተፈጥሮ እንክብካቤ ነው እንዴ?»

«ከፋብሪካ መጣ እንዴ? ቅጠል አይደል?»

ሱሀይራ ተናደደች። የተናደደችው ይህንኑ ነገር መጀመሪያ ያሰበችው ራሷ ስለሆነች ነው። «ገብስማ እኮ ልጆቿን ረስታ ነበር፣ ቢቲ። እናት ልጆቿን የምታስረሳ ቅጠል አብልቼ ነው ‹እዩዋቸው› የምለው?»

«እሺ፣ ለቲቸር ምን ልትያቸው ነው? ሳይሮጡ ካዩዋቸው ማን ይመርጠናል? እማማ ዶሮ እንደተባልሽ ትቀሪያለሽ።»

ይህኛው ቃል ወጋት። ክንዷን አስለቅቃ ቀድማት ሄደች።

ዶሮዎቹ ከዚያ በኋላ ገራባ አላዩም። መጀመሪያ ላይ ኩርፊያ ያዛቸው፤ ኮማንደር ባዶውን ሳህን እየጫረ ሱሀይራን በአንድ ዓይኑ ያያት ነበር። ቀስ በቀስ ግን እንደ ድሬ ዶሮ መኖር ጀመሩ። ጠዋት በብርዱ ይጭራሉ፣ አመዱ ውስጥ ይንከባለላሉ፣ የሐብሐብ ልጣጭ ይሻማሉ፣ ቀትር ላይ ደግሞ እርጥቡ ጆንያ ሥር ይዘረራሉ። ላባቸው ያብረቀርቃል፣ ቅማል የላቸውም፣ ደህና ናቸው። ብቻ የሚታይ ትዕይንት የላቸውም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሱሀይራ ኒሙ ሥር ጠረጴዛ አወጣች። ዶሮዎቹን የሚያሳድጉባቸውን ነገሮች በየሳህኑ ደረደረች፦ ነጭ ሽንኩርት፣ የኒም ቅጠል፣ አመድ፣ ሽፈራው። ቢታንያ ፌስታል ይዛ እያለከለከች ገባች።

«አብቲ ናሲርን ለምኜ ነው። ለምለም ነው፣ እዪው!»

ሱሀይራ ፌስታሉን ተቀበለች። ኮማንደር ሽታውን ከሩቅ አውቆት አንገቱን አስግጎ መጣ። እጇን ከተተች። ቅጠሉ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር። ልትሰጠው ፈለገች፤ እውነት ለመናገር በጣም ፈለገች። ኤግዚቢሽኑ ታያት፣ አፍንጫቸውን የሚይዙት ልጆች ተሰልፈው ታዩዋት፣ የኮማንደር ሩጫ ታያት። እፍኟን ሞልታ አወጣች።

«ጪው።»

«ምንድነው?» አለች ቢታንያ።

«ዝም በይ! ስሚ!»

ከሳጥኑ በኩል ነው የመጣው። ሁለቱም በጉልበታቸው ዳኹና ጆሯቸውን አስጠጉ። ከገብስማ ክንፍ ሥር፣ ከእንቁላል ውስጥ፣ ቀጭን ድምፅ ደግሞ «ጪው» አለ። ገብስማም በጉሮሮዋ ዝቅ አድርጋ መለሰችለት። ላባዋን ገልጠው ሲያዩ አንዱ እንቁላል ላይ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ የመንቆር ጫፍ እየገፋ ነው።

«እየወጣ ነው! ሱሂ፣ እየወጣ ነው!» ቢታንያ እየጮኸች የሱሀይራን አንገት አንቃ ልትገድላት ነበር። ሱሀይራም ጮኸች፣ ሳቀች፣ ዕንባዋም መጣ። ይህ ሁሉ ጫጫታ ሲሆን ገብስማ ፍንክች አላለችም። መሬት ቢንቀጠቀጥ የምትነሳ አትመስልም ነበር።

ሱሀይራ እፍኟ ውስጥ የቀረውን ገራባ አየችው። ወደ ፌስታሉ መለሰችው፣ ቋጠረችው፣ ኒሙ ላይ ያለው ምስማር ላይ ሰቀለችው። ቢታንያ አየቻትና ፊቷን ወደ ሳጥኑ መለሰች።

ቀትር ሆነ። ዶሮዎቹ ጆንያው ሥር ክንፋቸውን ዘርግተው ተኝተዋል፤ ኮማንደርም አፉን ከፍቶ ያለከልካል። የመኪና ድምፅ ተሰማ፣ ቀጥሎ የብረቱ በር ተንኳኳ። የቲቸር አየነው ድምፅ ለዳኞቹ «ቆዩ፣ አሁን ጉድ ታያላችሁ!» ይላል።

ቢታንያ ፌስታሉን ከምስማሩ ላይ አወረደች። «ቶሎ ለፍየሏ ልጣልላት። ማንም አያየውም። ሙቀቱ ዛሬ በዛ እንላቸዋለን።»

«ስጪኝ» አለች ሱሀይራ።

ወደ ጠረጴዛው ሄደች። የሽፈራውን ሳህን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ቦታ አበጀች። ባዶ ሳህን አስቀመጠች፣ ፌስታሉን ፈታች፣ ገራባውን ገለበጠችበት። ከሽፈራው አጠገብ፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ።

ቢታንያ አፏን ከፍታ ሳህኑን አየች፤ ቀጥሎ ሱሀይራን። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ቅጠሎች አንድ በአንድ ለቅማ ሳህኑ ውስጥ መለሰች።

ሱሀይራ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ በሩን ከፈተች። ከሁሉ ቀድሞ ጭንቅላቱን ያስገባው ከመምህሩ ጋር የመጣው ዐብዲሻኩር ነበር። ግቢውን በዓይኑ አዳረሰና ፊቱ ተቀየረ።

«እንዴ! ተኝተዋል?»

«ተኝተዋል» አለች ሱሀይራ። «ና ግባ። ያን ቀን ለምን እንደሮጡ አሳይሃለሁ።»