አንድ ቀዳዳ ያለው ካርድ

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ የፎርማኑ አስከሬን ከተደረመሰው ኮንክሪት ሥር ወጥቶ በሸራ ተሸፍኗል። የኮንክሪት ጣሪያው ገና ሳይጠነክር፣ የተሸከሙትን የእንጨት ድጋፎች ሠራተኞች ጠዋት ነቀሏቸው። ፎርማኑ ሊያስቆማቸው ሮጦ ገባ፤ እነሱ አመለጡ፣ እሱ ቀረ።

«ያስነቀለችው እሷ ናት» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ የአናጺዎቹን አለቃ እየጠቆመ። «ትእዛዙ የተጻፈበት ካርድ ይኸው፣ ሰሌዳው ላይ፤ አረንጓዴ፣ የአናጺ ቀለም።»

«ሟቹ አጎቴ ነው፤ መጋዝ ያስያዘኝ እሱ ነው» አለች። እጇ በካቴና ታስሯል፤ አንገቷ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። «ጠዋት እንጨት ልረከብ ወጥቼ ነበር። በእጄ ያልሰቀልኩትን በአፌ አልቀበልም።»

ኢንስፔክተሩ ከመስታወት ላይ የዝንብ ዱካ ያነብባል ቢባል ማጋነን አይደለም፤ እንዲያውም ሲያንስበት ነው። የሥራ ካርዶች በመርፌ ወደሚሰቀሉበት ሰሌዳ ተጠጋ። በዚህ ሳይት ጊዜና ጉልበት እንዳይባክን፣ እያንዳንዱ ባለሙያ በየጠዋቱ እዚህ ቆሞ በሙያው ቀለም የተለየውን ካርድ በራሱ እጅ ይሰቅላል።

«መጀመሪያ የት ይሰቀላል?» ሲል የሳይቱን መሐንዲስ ጠየቀ።

«‹የሚመጣው ሳምንት› ላይ። ለሥራው ያለው እንቅፋት ሲወገድ ተነቅሎ ወደ ‹በዚህ ሳምንት›፣ ከዚያ ወደ ‹ዛሬ› ይዛወራል።»

«እርስዎስ ጋሼ፣ እዚህ ይቆማሉ?»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «እኔ? ማን ማንን እንደሚያዝ፣ መረጃ ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ የድርጅቱን አሠራር በሙሉ በአንድ ካርታ የሳልኩ ሰው ነኝ። በካርታዬ ትእዛዝ ከቢሮ ተነስቶ በቀጥታ ‹ዛሬ› ላይ ያርፋል። ነገ ባለቤቶቹ ይጎበኙናል፤ ከአናጺ ጋር ተገትሬ የማወራበት ጊዜ የለኝም።»

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሩ ሁሉንም ሰሌዳው ፊት ሰበሰበና የ‹ዛሬ›ን ካርዶች ነቅሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዛቸው።

«ቁጠሩ። ሦስት ቦታ ስለተሰቀሉ ሦስት ሦስት የመርፌ ቀዳዳ አላቸው። ድጋፉን ያስነቀለው ካርድ ግን አንድ ብቻ ነው ያለው፤ በቀጥታ ‹ዛሬ› ላይ ነው ያረፈው። መሐንዲሱም እሷም በየቀኑ እዚህ ስለሚቆሙ እንዲህ አይሳሳቱም። ካርድ ከቢሮ ዘሎ ‹ዛሬ› ላይ ይወርዳል ብሎ የሚያምን አንድ ሰው ነው። እሷ ስትወጣ ጠብቆ በቀለሟ ጻፈ፤ ሠራተኞቹም የአለቃቸውን ቀለም አይተው ታዘዙ።»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ቀላ። «ፎርማኑ ‹ኮንክሪቱ ገና አልጠነከረም› እያለ ባለቤቶቹ የሚጎበኙትን አዳራሽ በእንጨት ድጋፍ አጥሮብኝ ነበር። አዛዡ እኔ ነኝ። ስልክ ብደውል ማን እንደሚያነሳ ታውቃለህ?»

«ይደውሉ ጋሼ። እኔ ካርታዎ ላይ የለሁም።»

ካቴናው ከእሷ እጅ ወደ እሱ እጅ ዞረ። እሷ አንጓዋን አሻሸች፤ አረንጓዴ ካርድ አንስታም «የቀሩት ድጋፎች አይነኩም» ብላ ጻፈች። ሥራ አስኪያጁ እያየ ‹የሚመጣው ሳምንት› ላይ አስደገፈችው፤ መርፌውን እስከ ጭንቅላቱ በአውራ ጣቷ ገፋችው።