በፀሐዩ ፀ

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ከኋላዋ የቆመው ሰው ሁለት ጊዜ ሳለ።

አልዞረችም።

«ባለ ቀለሙ ይሠራል?» ሲል ባለ ሱቁን ጠየቀ።

«ከትናንት ጀምሮ ጥቁር ብቻ ነው» አለች እሷ ቀድማ። ምልክታቸው ይኸው ነበር። ሰውየው አነስተኛ ስልክ ባንኮኒው ላይ አኖረ። የራሷ እንደሆነ ሁሉ አነሳችው፤ በቦታው የድረ ገጹ ቅጂ ያለበትን ፍላሽ ተወች።

«ዛሬውኑ አዛውሪው» አለ በጥርሱ መሃል። «አዲሱ አድራሻ ስልኩ ውስጥ ነው።»

«የውስጡን ሰው ሳናገኝ?»

«አግኝተነዋል። የሽያጭ ኃላፊዋ፣ እትዬ ናት።»

ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ መንገዱን ተሻገረች። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ።

እሷ መርፌ ነች፤ እሱ ክር። ስሙን ያወጣላቸው አለቃቸው ነው፤ መርፌ ትገባለች፣ ክር ይከተላል። መሥሪያ ቤታቸው ሐሰተኛ የሕክምና ዕቃ የሚሸጡትን ያድናል። አሁን የገባችበት «ንጹህ እስትንፋስ» የኦክስጅን ማሽን ቫልቭ የሚሸጥ ድርጅት ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ስሙን ኢንተርኔት ላይ የፈለገ ሁሉ የሚያገኘው በስሙ የሚነግድ አስመሳይ ሱቅ ሆነ። የአስመሳዩ ቫልቭ ደግሞ ሳይቆይ ይነክሳል፤ አየር ማሳለፍ ያቆማል። እናቷ በዚያ ማሽን ነው የሚተነፍሱት። አንድ ጊዜ ቫልቩ ነክሶ ከንፈራቸው ሲጠቁር አይታለች። ይህን ሥራ ለምና የወሰደችው ለዚህ ነው።

የድረ ገጽ ቴክኒሻን ሆና ተቀጠረች። በሽታውን ወዲያው አገኘችው። በየገጹ ጀርባ ለፍለጋው ማሽን «አትመዝግበኝ» የሚል ትእዛዝ ተደብቋል። ማሽኑ ታዛዥ ነው፤ አትይ ካሉት አያይም። ሱቁ ክፍት ሆኖ በሩ ላይ «ዝግ» ብሎ እንደ መለጠፍ ነው። አጠፋችው። ሲነጋ ተመልሶ ጠበቃት። እንደገና አጠፋችው። እንደገና ተመለሰ። የሚመልሰው ሰው የሚገባው በሽያጭ ኃላፊዋ በእትዬ የይለፍ ቃል ነበር።

«ምነው፣ ፊትሽ አመድ መስሏል» አሉ እትዬ ቢሮ ስትገባ። ዳቦ በቢላዋ እየቆረጡ ነበር።

«ደህና ነኝ እትዬ። በልቻለሁ።»

«እንደ ድመት ቀምሰሽ? ነይ አፍሽን ክፈቺ።» አጎረሷት። ዳቦውን እያኘከች ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ስልኳ ጠራ። እናቷ ናቸው።

«ይሄ ነገር ያፏጫል።»

«ቱቦው ታጥፎ ይሆናል፤ አቅኚው እማዬ።»

«አቀናሁት። አባትሽ እንኳ በጉብዝናው አፏጭቶብኝ አያውቅም፤ ይሄ በእርጅናዬ ያፏጭብኛል።»

«ቫልቩ ነው። መለወጫ ይዤ እመጣለሁ።»

እናቷ ቀለዱ። ለእሷ ግን የታያት የጠቆረው ከንፈር ነው። ቶሎ ብትጨርስ ይሻላል።

ማዛወር ማለት ወደ ድርጅቱ ገጽ የሚመጣውን ሁሉ የውስጡ ሰው ወደማይደርስበት አዲስ አድራሻ መላክ ነው። በዓመታት የተገነባው ስምም አብሮ ይሄዳል። ከትንሹ ስልክ እያየች በአማርኛ ፊደል የተሰጣትን አድራሻ በእጇ ጻፈች፤ ልሞክረው ብላ ከፈተችው።

የራሱ የድርጅቱ ገጽ መጣ።

ግራ ገባት። መልእክቱን አቅርባ አየችው።

ንፁህ።

በፀሐዩ ፀ።

እሷ የጻፈችው በጸሎቱ ጸ ነው፤ እጇ የለመደው እሱን ነዋ። አሁን እንደ መልእክቱ አድርጋ ጻፈችው። ያው ቀለም፣ ያው ሥዕል ወጣ። ከታች ያለው የስልክ ቁጥር ብቻ ሌላ ነው።

የአስመሳዩ ሱቅ።

ጆሮ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ለማሽን ግን ሁለቱ ፊደላት ሰማይና ምድር ናቸው። ክር ድርጅቱን በገዛ እጇ ለሌባ ልታስረክብ ነበር የላካት።

የይለፍ ቃሉስ?

የእትዬን ጣቶች ከትከሻቸው በላይ አይታ የሸመደደችው እሷ ናት። «ለጥንቃቄ ነው» ብሏት ለክር የሰጠችውም እሷው። የመጀመሪያውን ትእዛዝ ሌቦቹ ከውጭ ሰብረው ገብተው ቢደብቁትም፣ ከዚያ ወዲህ በሩን የከፈተችላቸው እሷ ነበረች። የውስጥ ሰው የሚባል ኖሮ አያውቅም።

ስልኩ ተንቀጠቀጠ። «ጨረስሽ?»

«እየሄደ ነው» ብላ ጻፈች። ለአለቃቸው ደግሞ አንድ መስመር ላከች። «ክሩ ተበጥሷል።»

ከዚያ እጇ አላረፈም። የተደበቀውን ትእዛዝ ነቀለች። የይለፍ ቃሉን ለወጠች። በየገጹ ላይ የድርጅቱን ስም በሁለቱም ፊደል ጻፈች፤ የፍለጋው ማሽን መጥቶ እንደ አዲስ እንዲያይም ጥያቄ ላከች።

በሩ ተከፈተ።

ክር የደንበኛ ፈገግታ ለብሶ ገባ። ከጀርባዋ ቆሞ ስክሪኑን አየ። ፈገግታው ቀስ ብሎ ወረደ።

«ምን አደረግሽ?»

«ፊደል አረምኩ።»

ወደ እትዬ ዞረ። «እመቤት፣ ይህቺ ልጅ የይለፍ ቃልዎን ሰርቃለች። ላስጠነቅቅዎ ነው የመጣሁት፤ ልሂድ።»

እትዬ ቢላዋውን አስቀመጡ። «ውሸት ነው በይኝ።»

ብትክድ እሱ በሩን ወጥቶ ይጠፋል። አለቃቸው የሚልካቸው ሰዎች ገና መንገድ ላይ ናቸው።

«እውነቱን ነው» አለች። «ሰርቄያለሁ። ፖሊስ ይጥሩ። ምስክሩም እንዳይሄድ።»

እትዬ ተነሱ። በሩን ቆልፈው ቁልፉን ጉያቸው ከተቱ።

«እመቤት፣ እኔ እቸኩላለሁ» አለ ክር።

«እኔ አልቸኩልም። ፖሊስ እስኪመጣ ማንም አይወጣም።»

ተራ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች መጥተው ሁለቱንም ይዘው ወጡ። እትዬ ደረጃው ድረስ ተከተሏት።

«ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም። ቢጮኹባት በቀለላት።

መልስ ነበራት። መርፌ ግን ስሟን አትናገርም።

ቀናት አለፉ። ክር ታሰረ፤ አስመሳዩ ሱቅ ተዘጋ። ለመርፌ አዲስ ስም፣ አዲስ መታወቂያ ተሰጣት። መሥሪያ ቤቱ ያመጣላት ቫልቭም ማሽኑ ላይ ተገጠመ፤ እናቷ ግን ተጠባባቂ ያስፈልጋል አሉ። ስልኳን አንስታ የድርጅቱን ስም በፀሐዩ ፀ ፈለገች።

መጀመሪያ የወጣው እውነተኛው ነበር።

ደወለች።

«ንጹህ እስትንፋስ፣ ማን ልበል?» አሉ እትዬ።

«ደንበኛ ነኝ» አለች ድምጿን አወፍራ። «አድራሻችሁ በየትኛው ጸ ነው የሚጻፈው?»

«በፈለጉት ይጻፉት፣ እኛው ጋ ያመጣዎታል። አንዲት ሌባ ነበረች፣ እሷ ናት ያስተካከለችው። እግዜር ይስጣት እንዳልል ሌባ ናት፤ እንዳልረግማት ደግሞ ስልኩ ሲጮህ ነው የሚውለው። ማን ብዬ ልመዝግብ?»

እናቷ ከአልጋው ላይ ሆነው አዩአት።

«በእናቴ ስም ይሁን» አለች።