የአባ ሀብተ ማርያም የአርብ መንገድ

የካቶሊኩ ቄስ አባ ሀብተ ማርያም ከእንጨት ድልድዩ በታች፣ በድንጋይና በውሃ መሀል ወድቀው ተገኙ። ቀኝ እጃቸው ውሃው ውስጥ ነበር፤ ግራው ደረታቸውን ይዟል። የካቲት ነው ብሎ ነገር የለም፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ውሃ ምንጊዜም አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የአሰላ ፖሊስ መርማሪ ሻምበል አሳምነው ቁልቁል ወርዶ አጠገባቸው ሲንበረከክ መጀመሪያ የመጣበት ሐሳብ የመርማሪ አልነበረም። «ካቦርታቸው ርሷል፤ ይበርዳቸዋል» አለ በሆዱ። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ብቻውን በልቶ ብቻውን የሚያድር ሰው ነውና፣ የብርድ ነገር ቶሎ ይታየዋል።

ከዚያ ዓይኑ ወደ ሥራው ተመለሰ። ካቦርቱ ትከሻው ላይ ተቀዷል፤ በቅዳዱ ዙሪያ ጥቁር ግራሶ ተለድፏል። በኮሌታው እጥፋት ውስጥ ጥቂት የገብስ ፍሬ ነበር። አንገታቸው ላይ በክር የተንጠለጠለችው ትንሽ የነሐስ ዕቃ እንደተዘጋች ናት። ቁርባን የሚያዝባት መሆኗን ያውቃል፤ እሱ ኦርቶዶክስ ቢሆንም እጁን ሰደደና መለሰው። የሚከፍታት ቄስ ይምጣ አለ።

ከበላዩ የቀበሌው ሊቀ መንበር እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል።

«ጓድ ሻምበል፣ ምን ያደክምዎታል? ገዳዩ ተይዟል።»

«ማነው?»

«ጉቱ ነዋ! እዚያው ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምረው። ሐሙስ ከቄሱ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ሬሳውን አገኘሁ ብሎ የመጣውም ራሱ ነው። ሰኞ ጠዋት ወደ አውራጃ እንሰደዋለን።»

አሳምነው በዚያ የደርግ ዘመን ወደ አውራጃ ለተላከ ሰው ስንቅ ይዘው የሄዱ ዘመዶች «እዚህ የለም» ተብለው ሲመለሱ በዓይኑ አይቷል። እውነቱ ከሰኞ በፊት ካልወጣ፣ ከሰኞ በኋላ ቢወጣም ለጉቱ አይጠቅመውም።

ጉቱ የታሰረው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጧል። አሳምነው ከመጠየቁ በፊት ዘበኛውን ጠርቶ ብርድ ልብስ አስመጣ።

«በላህ?»

«አልራበኝም።»

«በላህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«እትዬ ፋናዬ ልካልኝ ነበር፤ ዘበኞቹ በሉት።»

አሳምነው ዘበኛውን አየው። ዘበኛው ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

«ሐሙስ ምን አጣላችሁ?»

«ናዝሬት ሄጄ ሥራ ልፈልግ አልኳቸው። "እኔስ?" አሉኝ። ይኼው ነው።» ጉቱ ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ሳበ። «እናት አባት የለኝም፤ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እንደዚያ ሲሉ ሰምቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ መሰለኝ፤ ጮህኩባቸው። አርብ ለምሳ ሳይመለሱ ሲቀሩ እትዬ ፋናዬ ሂድ ፈልጋቸው አለችኝ። ስደርስ ቀዝቅዘዋል። እጃቸው እንጨት ሆኖ ነበር።»

ቅዳሜ ጠዋት አሳምነው አባ ወደሚያገለግሉበት ቁምስና ሄደ። የአባን ምግብ የምታበስለው ፋናዬ ማዕድ ቤት ቆማ አሁን የሚበላበት ያጣ ሰሀን ትወለውላለች።

«ሻምበል፣ ልጁ ደረቱ ደካማ ነው። ክረምት ከበጋ ያስለዋል። እዚያ ሲሚንቶ ላይ እንዳያስተኙት አደራ።»

«ብርድ ልብስ ተሰጥቶታል። አባ አርብ መቼ ወጡ?»

«ከጠዋቱ ቅዳሴ በኋላ ወዲያው ነው። አርብ አርብ ለእማማ የሺሃረግ ቁርባን ይወስዱላቸዋል፤ እግራቸው ከተያዘ ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም። እኔ የግቢውን በር ከፍቼ ጎንበስ እላለሁ፣ እሳቸው ያልፋሉ። ጠዋት እንደማይተዋወቅ ሰው ነን፤ ሲመለሱ ግን ያ ቀልድ! እዚህ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው...» ሰሀኑን አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ለቀብሩ ከሌላ ቁምስና የመጡት ቄስ በዚያው ሰዓት የነሐስ ዕቃዋን ይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ ወጡ። ከፍተዋታል።

«ቁርባኑ ውስጧ ነው፤ አልተነካም» አሉት በዝቅታ።

በዛብህ የሚያስተዳድረው የህብረት ሱቅ ከድልድዩ ወዲህ፣ መንገዱ ዳር ነው። አሳምነው ሲደርስ ሴቶች ተሰልፈው ያጉረመርማሉ፤ በዛብህ ከባንኮኒው ጀርባ ያስቃቸዋል።

«ይምጡ ሻምበል! ስኳር አልቋል፣ ሳሙና አልመጣም፤ ጨው ግን እንዳሻዎት ነው።»

«ጨው ይቆየኝ። አርብ በዚህ መንገድ ሲያልፍ ያየኸውን ንገረኝ።»

የበዛብህ ፊት ወዲያው ተከዘ። «ከሰዓት ሱቁን እንደከፈትኩ አባ መጡ። እዚህች ጋ ቆሙ። "በዛብህ፣ ጥርስህ ተሻለህ ወይስ ነቅለን እንገላግልህ?" አሉኝ። መቼም ሳይቀልዱ አያልፉም። እማማ የሺሃረግ ዘንድ ቁርባን ላደርስ ነው አሉና ወደ ድልድዩ ወረዱ። ጥቂት ቆይቶ ጉቱ ፊቱን አጥቁሮ ተከተለ። ሌላ ያለፈ ሰው የለም።»

«ከጠዋት ጀምሮ የት ቆይተው ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ቄስ አይደሉ፣ የሚጎበኙት ሰው አያጡም።»

«አንተስ ጠዋት?»

«ቤቴ፣ ጉንጬን አስሬ ተኝቼ። አርብ ጠዋት ሱቁ እንደማይከፈት እነዚህን ይጠይቋቸው።»

ሴቶቹ አዎ አሉ። አንዷም «ሲከፈትስ ምን አለውና» ብላ ጨመረች።

አሳምነው ድልድዩን ተሻገረ። ከመደገፊያው እንጨት አንዱ ተሰብሮ አዲስ ስብራቱ ነጭ ሆኖ ይታያል። ዳገቱን ወጥቶ የእማማ የሺሃረግ ቤት ሲደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ነፋሱ ቤቱ ውስጥ እንዳሻው ይመላለሳል።

«እማማ፣ ልዝጋው? ያምምዎታል።»

«ተወው ልጄ። ጎረቤቴ ራቢያ አርብ ጠዋት እንደከፈተችው ነው። ልዝጋው ብትለኝ እንቢ አልኳት።»

«ለምን ይከፈታል?»

«አባ ቁርባን ይዘው ሲመጡ አያንኳኩማ! ማንንም አያናግሩም። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ቀጥ ብለው እዚህ ነው፤ መንገድ ላይ የወለደቻቸው እናት ብትጠራቸው አይቆሙም። ካቆረቡኝ በኋላ ያቺን ወንበር ይስቡና "እህሳ የሺ፣ እንዴት ከረምሽ?" ይላሉ። የሳምንቱን ወሬ ያኔ ነው የምዘረግፈው። አርብ እህል ሳልቀምስ ጠበቅኩ። የረገጠ ሰው ሁሉ እሳቸው ይመስለኛል። ራቢያ ከምታመጣልኝ ቁራሽ ሌላ፣ የሰው ድምፅ የምሰማው አርብ አርብ ነበር።» ቆም አሉና አዩት። «አሁንማ በወሬ ያዝኩህ።»

«ያውሩ፣ አልቸኩልም» አለ አሳምነው፤ ይቸኩል ነበር። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ስለ ሟች ባላቸው፣ ስለ እግራቸው ቁርጥማት፣ ርቃ ስለሄደች ልጃቸው አወሩለት። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው የተነሳው።

ወደ ከተማ ሲመለስ በሱቁ ጀርባ ወዳለው ግቢ ጎራ አለ። የህብረት ሱቁን ጋሪ የሚነዳው ዋቅጅራ ፈረሱን ይገስጻል፤ ፈረሱ አንገቱን አስግጎ የጋሪውን ወለል ይልሳል።

«አካም፣ ዋቅጅራ! ምን አግኝቶ ነው?»

«እኔም እሱን ነው የምለው! ሐሙስ ጢቾ ለቅሶ ስሄድ ጋሪውን አጥቤ ነው የተውኩት። ዛሬ ብመለስ በወለሉ ስንጥቅ ገብስ! ዋዮ! ጨውና ሳሙና የሚሸጥ ሱቅ ገብስ ከየት አምጥቶ ይጭናል?»

«ይኼስ?» አሳምነው በግራው ዘንግ ጫፍ ያለውን የብረት ቀለበት አሳየው። የተቀባው ግራሶ በአንድ ወገን ተፍቋል።

«እኔ አልነካሁትም።»

«የግቢው ቁልፍ ማን ጋ ነበር?»

«በዛብህ ጋ። ከእሱ ሌላማ ማን ይይዛል?»

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አሳምነው ሁሉንም በቁምስናው አዳራሽ ሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ጉቱን ይዞ መጣ። ፋናዬ ለጉቱ ሹራብ ይዛ ቆማ ማን እንደሚያቀብልላት ታማትራለች። በዛብህ በር አጠገብ ተቀመጠ፤ ዋቅጅራ ከጎኑ።

«በጉቱ ላይ ያለው ማስረጃ አንድ ነው» ብሎ አሳምነው ጀመረ። «እሱም የበዛብህ ቃል ነው። አባ ከሰዓት በሕይወት ነበሩ፣ ጉቱ ተከተላቸው ይላል። ቃሉ እውነት ከሆነ ጉቱ አለቀለት። በዛብህ፣ አባ ወዴት ሲሄዱ ነው ያናገሩህ?»

«እማማ የሺሃረግ ዘንድ። ብዬዎታለሁ።»

«ቁርባን ይዘው?»

«አዎ፣ ራሳቸው ነገሩኝ።»

ፋናዬ ቀና አለች። ከኋላ የተቀመጡት የቁምስናው ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ቄሱም ዓይናቸውን ከመሬት አነሱ።

«እንግዲህ ምእመናኑ ገብቷቸዋል፤ ለሌሎቻችን ልንገር። አባ ቁርባን ይዘው ሲወጡ ሰው አያናግሩም፣ ሌላ ቤትም ጎራ አይሉም። ፋናዬ እንኳ በር የምትከፍትላቸው ዝም ብላ ነው። ቁርባኑ ደግሞ በነሐስ ዕቃዋ ውስጥ ተገኝቷል። ስለዚህ አባ የሞቱት ጠዋት፣ ሲሄዱ ነው። እማማ የሺሃረግ ጋ አልደረሱም። በዛብህ ከሰዓት አነጋገሩኝ የሚለው የሞተን ሰው ነው።»

«ተሳስቼ ይሆናላ! ሁልጊዜ ያናግሩኛል እኮ!»

«ሁልጊዜ ያገኘሃቸው ሲመለሱ ነዋ። ሱቅህ የሚከፈተው ያኔ ነው። ሲሄዱ አይተሃቸው አታውቅም፤ ለዚህ ነው የመመለሻውን ቀልድ ለመሄጃው የሰጠኸው።»

ሊቀ መንበሩ ተቁነጠነጠ። «ጓድ ሻምበል፣ የሃይማኖት ልማድ ማስረጃ አይሆንም።»

«ልክ ነህ፤ እሱ የነገረኝ ማን እንደዋሸ ብቻ ነው። የቀረውን ጋሪው ይነግረናል። በካቦርታቸው ትከሻ ላይ ግራሶ ነበር፤ ከጋሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ግራሶው ተፍቋል። በኮሌታቸው ገብስ ነበር፤ በጋሪው ወለልም ገብስ አለ። የድልድዩ መደገፊያ ተሰብሯል። ዋቅጅራ ጢቾ ለቅሶ ላይ ነበር። የግቢው ቁልፍ በዛብህ ጋ ነበር። ጉቱ ጋሪም ገብስም የለው።»

ዋቅጅራ ቀስ ብሎ ከበዛብህ ጎን ተነስቶ ወደ ሌላ ወንበር ሄደ።

«ለእህቴ ነው» አለ በዛብህ ጉልበቱን እያሻሸ። «ዴራ ዝናብ ጠፍቶ ልጆቿ ተርበዋል። ገብሱን ከማዶ ጭኜ፣ እህል ማሳለፍ ክልክል ስለሆነ ኬላውን በጓሮ መንገድ ላልፍ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ፈረሱ እምቢ አለኝ። "ዞር በሉ!" ብዬ ጮህኩ። አባ ቀና እንኳ ሳይሉ ድልድዩ ላይ... ዘንጉ ወረወራቸው። ገብሱም ከጆንያው ተዘረገፈ።»

«ወረድክ?»

«ወረድኩ። ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ።»

በዛብህ ወደ ጉቱ ሳያይ ቀጠለ።

«ሰው ብጠራ፣ ገብሱ ይገኛል። አሻጥረኛ ተብዬ... እርስዎ ያውቁታል የሚሆነውን። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው አዩኝ። አንድ ቃል ቢናገሩኝ፣ በዛብህ ቢሉኝ፣ ጥያቸው አልሄድም ነበር። ምን ነበር አንድ ቃል ቢናገሩ!»

ፋናዬ ሹራቡን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። ቄሱ አማተቡ።

«ጋሪው አደጋ ነው» አለ አሳምነው። «በሕይወት ያለ ሰው ውሃ ውስጥ ብቻውን ጥሎ መሄድ ግን አደጋ አይደለም። ያላጠፋ ልጅ በእሳቸው ደም እንዲጠየቅ ማድረግም አደጋ አይደለም።»

ሊቀ መንበሩ ለጠባቂዎቹ ምልክት ሰጠ። የጉቱን ክንድ ለቀው የበዛብህን ያዙ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሁለት ቀን ሙሉ ገዳይ ሲሉት የከረሙት በጉቱ አጠገብ ሲያልፉ የጫማቸውን ጫፍ ያያሉ። ከፋናዬ በቀር እጁን የጨበጠ የለም፤ እሷም ሹራቡን ትከሻው ላይ ጥላ ምሳ ልታቀርብ ሮጠች።

አሳምነው አጠገቡ ተቀመጠ።

«በቃ፣ ነጻ ነህ። ናዝሬትም መሄድ ትችላለህ።»

ጉቱ ክፍት የቀረውን በር ያያል። «አርብ ጠዋት ሲወጡ በር ላይ ነበርኩ፣ ሻምበል። አላናገሩኝም። ቁርባን ይዘው ስለነበር ነው፤ አውቃለሁ። ሲመለሱ ግን መቀለዳቸው አይቀርም፣ ያኔ እታረቃቸዋለሁ ብዬ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳቸው።»

አሳምነው ሹራቡን በጉቱ ትከሻ ላይ አስተካከለለት። ፋናዬ ከማዕድ ቤት ሁለቴ ጠራቻቸው፤ አልተነሱም።