የሲምሲም ማበጠሪያ

ሐጂ ዓብዱልላጢፍ በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው ሳሎኑ መሀል ተጋድመዋል። ሐኪሙ ጠዋት አይቷቸው «መርዝ ነው» ካለ ወዲህ ከግቢው የወጣ ሰው የለም።

ሀዲል ግን ድሮም አትወጣም ነበር። ሐጂ ካገቧት ጀምሮ የውጭው በር ቁልፍ ከአንገታቸው ተለይቶ አያውቅም። እሷም፣ ባሏ የሞተባት እህታቸው ኢንዓምም፣ የአሶሳን ገበያ የሚያዩት በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ነው። አሁን ቁልፉ ኢንስፔክተር ገበየሁ ኪስ ገብቷል። ውጭ የፖሊስ መኪና ይጠብቃል፤ ማንን እንደሚጠብቅ ለሀዲል አልጠፋትም።

«ምን ምርመራ ያስፈልጋል?» አለ ዋሊድ፣ ሐጂ ከመጀመሪያ ሚስታቸው የወለዱት ልጅ። «ገንፎውን ያገነፋችው እሷ! የነቀዝ መድኃኒቱ ያለበት ጎተራ የምትገባው እሷ!»

«ገንፎውን ማን ማን በላ?» አለ ገበየሁ።

«ሁላችንም፣ ከአንድ ገበታ።»

«አንተ ግን ደህና ነህ።»

«አልሐምዱሊላህ!»

«እሱማ ይመስገን። ግን እስቲ አስበው።»

ገበየሁ በሰፈራ የመጡ የወሎ ሰዎች ልጅ ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም። ዓይኑ ጥግ ላይ አረፈ። የሐጂ ድመት ሲምሲም በነጠላ ተጠቅልላ፣ አንገቷ ብቻ ወጥቶ ታስራለች።

«ይቺስ ምን አጥፍታ ነው?»

«ድመቱ በርዶት ነው» አለች ኢንዓም ቶሎ ብላ፤ አፍ የፈታችው በበርታኛ ነውና አማርኛዋ ሴቱን ከወንዱ አይለይም።

ገበየሁ ፈታት። ጣቶቹን ከአንገቷ ወደ ጅራቷ ሰደደ፤ ፀጉሯ ደርቆ ሻክሯል። አሸተታት፤ የልብስ ሳሙና።

«ሐጂ ያጥቧት ነበር?»

«በጭራሽ!» ሀዲል ሳታስበው አመለጣት። «ሳሙና ወዟን ይጨርሰዋል ይላሉ። በየቀኑ ከዐስር ሰላት በኋላ ማበጠር ብቻ ነው፤ ፀጉሯ ወደተኛበት፣ ቀስ ብለው። ከጆሮዋ ጀርባ የተቋጠረውን በእጃቸው ይፈቱታል። የረገፈውን ደግሞ ጣታቸውን በምላሳቸው እያራሱ ይለቅሙታል።»

«በምላሳቸው? ትናንትም?»

«ትናንትም። እንደጨረሱ ነው ‹ሆዴን› ያሉት።»

ገበየሁ ማበጠሪያውን አስመጥቶ፣ በመሀረብ ይዞ ወደ ብርሃን አስጠጋው። ከዚያ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰባቸው።

«ቤቴ ድመት አለችኝ። ባለቤቴ ‹ከኔ ይልቅ የሷን ፀጉር ነው የምታበጥረው› እያለች ትስቅብኛለች። እንግዲህ ስሙኝ። ገንፎውን ሁላችሁም በላችሁ፤ የሞቱት ሐጂ ብቻ ናቸው። ስለዚህ መርዙ ገንፎው ውስጥ አልነበረም። ማበጠሪያው ጥርስ መሀል ግን ዱቄት አለ፤ የጎተራውን የነቀዝ መድኃኒት ይመስላል። ፀጉሯ ላይ ተነስንሶ ወደ ጣት፣ ከጣት ወደ ምላስ ሄደ። ድመትም እኮ ራሷን ትልሳለች! ለምን አልሞተችም? ሰው ወዲያው ስላጠባት፤ ፀጉሯ ደርቋልና የታጠበችው ትናንት ነው። ሐኪም ገና ‹መርዝ› ሳይል፣ ሐጂ በጣር ላይ እያሉ፣ ድመት ማጠብ ያጣደፈው ማንን ነው? ዱቄቱ የት እንዳለ የሚያውቀውን።»

ሀዲል ትናንት ለእርዳታ ስትጮህ ከጓሮ የሰማችው የውሃ ድምፅ ትዝ አላት።

«ድመት ውሃ ሲነካት ትቧጭራለች» አለ ገበየሁ። «እጃችሁን እስቲ።»

ዋሊድ ክንዱን ዘረጋ፤ ንጹሕ ነው። ሀዲልም ዘረጋች፤ ከድስት ቃጠሎ በቀር ምንም የለም። ኢንዓም እጇን ከተከናነበችው ቶቧ ስር አላወጣችም።

«አክስቴ?» አለ ዋሊድ።

ኢንዓም ቀስ ብላ ገለጠችው። ከመዳፏ እስከ ክርኗ ተቧጫጭሯል።

«ወላሂ፣ ፖሊስ ሀዲልን ይይዛል ብዬ አላሰብኩም። ልቡ ደከመ ይላሉ ብዬ ነው» አለች። «ሴት ልጄ ባምባሲ ታመመ። ባምባሲ ቅርብ ነው! ‹በር ክፈት፣ ልጄን ልየው› አልኩ። አልከፈተም። ልጄ ሞተ። እዚህ ሆኜ አለቀስኩ።»

ዋሊድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ድመቷንስ ለምን አዳንሻት፣ እናቴ?» አለ ገበየሁ።

«ድመቱ ምን አጠፋ? እሱም እንደ እኛ የተዘጋበት ነው።»

ገበየሁ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለሀዲል ሰጣት። ነክታው አታውቅም፤ ከብዶ ታያት። የመጀመሪያው መክፈቷ ኢንዓምን ለማስወጣት ሆነ።

ኢንዓም መኪናው ጋ ስትደርስ ዞር ብላ በበርታኛ ተናገረቻት፦ «ውሃ እንዳታስነኪያት። ወዟ እስኪመለስ ማበጠር ብቻ። አዲስ ማበጠሪያ ከገበያ ግዢላት።»

መኪናው ኢንዓምን ይዞ ሄደ፤ ገበየሁ ቀረ። ሀዲል ሲምሲምን አቅፋ ክፍቱ በር ላይ ቆመች። በቀዳዳ የምታውቀው መንገድ ሙሉውን ሲታይ ሌላ አገር መሰላት።

«ኢንስፔክተር» አለች፣ ዝግ ባለ ድምፅ፤ «ገበያው በየት በኩል ነው የሚኬደው?»