በግምት የተጻፈው ቁጥር

«ተቀበሉኝ!» አለች የፌትሲሌ እናት ስልኩን እየዘጋች። «ጥናቴን ማክሰኞ ኬፕታውን ጉባኤ ላይ አቀርበዋለሁ።»

ፌትሲሌ እንኳን ደስ አለሽ ማለት ነበረባት። ግን ከተቀመጠችበት ተነስታ ውሃ ቀዳች፤ ሳትጠጣው መልሳ አስቀመጠችው።

እናቷ ዶክተር ሎማጉጉ ከባርበርተን ከተማ በላይ ባሉት ተራሮች አሥራ አራት ዓመት ዐለት ስትፈልጥ ኖራለች። ከሦስት ቢሊዮን ዓመት በፊት ግዙፍ የሰማይ ድንጋይ ምድርን ሲመታ፣ የቀለጠው ዐለት ሽቅብ ተረጭቶ እንደ ማሽላ ፍሬ እየደቀቀ ዘንቦ ነበር። ፍሬዎቹ ላይኛው ገደል ላይ እንዳሉ ድሮም ይታወቃል። አሁን ግን ከታችኛው ሸለቆ በመጣው የናሙና ከረጢት ውስጥም ተገኙ። የታችኛው ዐለት ይበልጥ ጥንታዊ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ሌላ፣ ማንም ያላወቀው ምት ነበር ማለት ነው።

ከረጢቶቹ ላይ ቁጥር የጻፈችው ፌትሲሌ ናት። በሐምሌ እረፍት ልታግዝ ሄዳ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ስትጻጻፍ፣ ሁለቱ ሳይጻፍባቸው ቀሩ። የትኛው ከገደሉ፣ የትኛው ከሸለቆው እንደመጣ ጠፋባትና በግምት ጻፈችባቸው። ፍሬዎቹ ከሁለቱ በአንዱ ውስጥ መገኘታቸው ከታወቀ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ለጓደኛዋ ለሴትሳቢሌ ብትነግራት፣ ግምትሽ ልክ ቢሆንስ፣ አርፈሽ ተቀመጪ አለቻት።

እናቷ ለአያቷ ልትደውል ስልኩን አነሳች።

«እማ፣ ቆይ አትደውዪ» አለች ፌትሲሌ። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት።

«በግምት?»

«ልክ ሊሆን ይችላል። ግን አላውቅም።»

እናቷ ስልኩን አስቀምጣ ወደ በረንዳው ወጣች። ፌትሲሌ በመስኮቱ በኩል ጀርባዋን ብቻ ታይ ነበር። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ኮምፒውተሩን ከፍታ፣ ጥናቱ ገና ስላልተጣራ ማክሰኞ እንደማታቀርብ ለአዘጋጆቹ ጻፈች። ነገ ሸለቆው ወርዳ እንደገና እንደምትፈልጥ ተናገረች፤ አብረሽኝ ነይ ግን አላለችም።

ጠዋት እናቷ መዶሻና ከረጢቶቿን ይዛ ስትወጣ፣ ፌትሲሌን የተራራ ጫማዋን አጥልቃ መኪናው አጠገብ ቆማ አገኘቻት።

«ቁርስ በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

እናቷ ወደ ቤት ተመልሳ ዳቦ ይዛ መጣች። ከዚያ የመኪናውን በር ከፈተችላት።