ቫይረሱ የማረው ድምፅ

የአይለርት አስከሬን በራሱ የዓሣ ፋብሪካ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። የዓሣ መንጠቆው ማጅራቱ ላይ እንደተሰካ ነው፤ ገዳዩ አንዴ ወግቶ አልበቃውም። ደሙ ከቀለጠው በረዶ ጋር ወደ ቦዩ ይወርዳል። ፎቅ ላይ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ «ካልከፈላችሁ ፋይሎቻችሁን አታገኟቸውም» ይላል። የበሩ ካሜራ ቀረጻም አብሮ ተቆልፏል።

ሰዉ ሁሉ ጣቱን የቀሰረው በኮምፒውተር ባለሙያው በሲንድሬ ላይ ነበር። ከትሮምሶ ከተማ የመጣችው መርማሪ ቶሩን ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ባይ ናት። ሲንድሬ ራሱ እንደነገራት፣ እንዲህ ያለው ቫይረስ ተሠርቶ ይሸጣል፤ ገዢው ቫይረሱ እንዳይነካው የሚፈልገውን ፎልደር ስም መሙላት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ቶሩን ከኔትወርክ በተነጠለ ማሽን ላይ የፋብሪካውን የሚመስሉ ፎልደሮች ሞልታ ቫይረሱን ለቀቀችበት። መጀመሪያ መጠባበቂያ ቅጂዎቹን አጠፋ፤ ቀጥሎ ያገኘውን ሁሉ ቆለፈ። «ሬዲዮ» የሚለውን ፎልደር ግን ዘሎት አለፈ።

በማግስቱ ሦስቱን በፋብሪካው መመገቢያ ክፍል ሰበሰበቻቸው፦ ሲንድሬን፣ የሟቹን ሚስት ጉንቮርንና የሟቹን ወንድም ሃልቫርድን። አንድ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «የፋብሪካው ነው» አለችና ቫይረሱን እንደገና ልትለቅበት መሆኑን ነገረቻቸው።

«ተይ ልጄ» አለች ጉንቮር። «የዮስታይን የሬዲዮ ድምፅ እዚያ ውስጥ ነው። ባሕር ከበላው ወዲህ የቀረን እሱ ብቻ ነው።»

ሲንድሬ ገመዱን ሊነቅል ተነሣ። የዮስታይን አባት ሃልቫርድ ግን ቡናውን ፉት አለ።

ቶሩን የማስነሻውን ቁልፍ ተጫነች። ፎልደሮቹ ተራ በተራ ተቆለፉ፤ «ሬዲዮ»ም ተቆለፈ። የሃልቫርድ ኩባያ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ጠረጴዛውን ገልብጦ ቶሩንን ጉሮሮዋን አንቆ ከግድግዳው ጋር አላተማት።

«እሱን አይነካም ነበር! ምን አደረግሽው?»

ሲንድሬ በወንበር ጀርባውን ሲለው ሃልቫርድ ወደቀ፤ ከበሩ ውጭ ይጠብቁ የነበሩ ፖሊሶች ገብተው በካቴና አሰሩት። ቶሩን ከአፏ ደም ጠረገች።

«ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእርስዎ ግን ነቀዘ» አለች በሻከረ ድምፅ። «የልጅዎ ድምፅ ሊጠፋ ነው ሲባል ሌሎቹ ደነገጡ፤ እርስዎ አባቱ ግን አልደነገጡም። ቫይረሱ እንደሚምረው የሚያውቀው ያዘዘው ሰው ብቻ ነው። ድምፁ ከፋብሪካው አሮጌ ፕሮግራም ውጭ ስለማይከፈት ገልብጠው ቢወስዱትም አይሰሙትም ነበር። የካሜራውን ቀረጻ ሲያጠፉ እሱን አስቀሩት። ዛሬ ስሙን ከቫይረሱ ላይ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። አይዞዎት፣ የተቆለፈው ቅጂው ነው፤ ዋናው ደኅና ነው።»

ዋናውን አስመጥታ ከፈተችው፤ የዮስታይን ድምፅ ተሰማ።

«አጎቴ፣ ማዕበሉ በረታ፤ ልመለስ?»

«መረቡን ሳታወጣ እንዳትመለስ» አለ የአይለርት ድምፅ።

ጉንቮር የባሏን መልስ ሰምታ አታውቅም ነበር። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ሃልቫርድ ከወለሉ ቀና አለ።

«ድገሚልኝ» አላት። «የልጄን ብቻ።»

ቶሩን ደገመችለት፤ አይለርት ከመናገሩ በፊትም አቆመችው።